ለግልጽነት ሲባል የተዘጋው ሬዲዮ

ይህ ነገር የተፈጸመባትን ከተማ ስም የማንጠቅሰው ለግልጽነት ሲባል ነው። ከአትላንታ መሀል ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ብሩክሄቨንን እንዳለፈ ያገኛታል። የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ዓርማ አላት፤ ነጂው መሪ እንደያዘ ካስነጠሰው ግን ሳያያት ሊያልፍ ይችላል። ትንሽ ብትሆንም በ2017፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ለታላላቆቹ ከተሞች አርአያ የሚሆን ሥራ ሠርታለች። ሕዝቡ ስለ ፖሊሱ ሥራ የበለጠ እንዲያውቅ ብላ፣ ሕዝቡ ሲሰማው የኖረውን የፖሊስ ሬዲዮ ዘግታለች።

የዚህ ሥራ ባለውለታ ተስፋጽዮን ዘገየ ይባላል። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ኤርፖርት አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ቆረጠ፤ ከዚያ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያ በከተማዋ ፖሊስ መምሪያ መዝገብ ቤት ፋይል ደርዳሪ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደረደረ። በስድስተኛው ዓመት የመጣለት ሹመት ግን የድካሙን ዋጋ እጥፍ አድርጎ የከፈለው ነበር። «የሕዝብ ግልጽነት ኦፊሰር» ተባለ። ማዕረጉ በወርቃማ ፊደል የተጻፈበትን ባጅ በሠርግም፣ በክርስትናም፣ በለቅሶም ከደረቱ አያወርደውም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አንዲት እናት የአስከሬን ጉዳይ የሚያስፈጽም መስሏቸው ሰነድ ሁሉ ሰጥተውታል፤ እሱም ተቀብሎ በተገቢው ሁኔታ አስተናግዷቸዋል።

ሹመቱን በእልልታ ያልተቀበሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የወለዱት አባቱ አቶ ዘገየ ናቸው።

«ሥራህ ምንድን ነው አልከኝ?»

«ሕዝቡ ፖሊስ የሚሠራውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው፣ አባባ።»

«ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጠህ?»

«አዎ።»

«ፖሊሶቹ ያውቃሉ?»

አቶ ዘገየ ይህን የጠየቁት ለቀልድ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊነት ሠርተዋል፤ ሦስት መንግሥት አይተዋል። በዚያ በክፉው ዘመን ታናሽ ወንድማቸው ከቤት ተወስዶ የቀረው አንድ የሚያውቁት ሰው ጣቢያ ውስጥ ተይዞ ስሙን ስለጠራው ነው። ከዚያ ወዲህ ዩኒፎርም በለበሰ ሰው ፊት የማንንም ስም ጠርተው አያውቁም፤ የራሳቸውንም ጭምር። አትላንታ ኤርፖርት ሲገቡ ስማቸውን ሲጠየቁ እንኳ ፓስፖርታቸውን ዘርግተው «እሱ ይናገር» ብለዋል።

ልጅና ምራት ሥራ ሲውሉ አቶ ዘገየ የሚውሉት ቡፈርድ ሀይዌይ ዳር ባለው የወንዳፍራሽ ሱቅ ነበር። ወንዳፍራሽ ድሮ ታክሲ ነጂ፣ አሁን ባለ ሱቅ ነው። ሱቁ ውስጥ በበርበሬውና በስልክ ካርዱ መሀል አንዲት ስካነር ነበረች፤ ፖሊሶች በሬዲዮ የሚነጋገሩትን እንዳለ የምታሰማ፣ አንቴናዋ በፕላስተር የተጠገነች። ታክሲ በሚነዳበት ጊዜ የተዘጋ መንገድ እንድትነግረው የገዛት ናት። ኋላ ግን የአገር ሁሉ ሆነች። «285 ሀይዌይ ላይ የመኪና ግጭት አለ፣ በውስጥ መንገድ ዙሩ» ሲል ቫይበር ላይ ሦስት መቶ ሰው ይዞራል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ሌላ ነበር። ፖሊሶቹ በሬዲዮ «ቋንቋው የማይታወቅ ሰው አግኝተናል» ባሉ ቁጥር ወንዳፍራሽ ሱቁን ለደንበኛ አደራ ሰጥቶ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ ይበራል። አንዴ መንገድ የጠፋባትን ሴት፣ አንዴ ስኳሩ ወርዶ የወደቀ ሰው፣ አንዴም የሱማሌ ሽማግሌ አግኝቷል፤ ለሱማሌውም ሰው ፈልጎለታል። ፖሊሶቹ ራሳቸው «ያ ሽርጥ የለበሰው የት ቀረ?» ይሉ ነበር።

አቶ ዘገየ ከስካነሯ ፊት ወንበር ነበራቸው። አንዲት ቃል አይገባቸውም፤ ወንዳፍራሽ ይተረጉምላቸዋል። እሳቸውም ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ።

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ» ይሉ ነበር፣ «መንግሥት እርስ በርሱ ሲያወራ በጆሮዬ ስሰማ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

እንግዲህ የፖሊስ አዛዡ ሬዲዮውን ኢንክሪፕት ላስደርግ፣ ማለትም ከፖሊስ በቀር ማንም እንዳይሰማው በምስጢር ላስቆልፍ ብሎ ሲነሳ፣ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምክንያት።

«ወንጀለኞች ይሰሙናል» አለ አዛዡ በስብሰባ ላይ።

«የትኞቹ?» አለች አንዲት የከተማዋ ምክር ቤት አባል።

አዛዡ ወደ ረዳቱ አየ፤ ረዳቱ ወደ ጣሪያው አየ። ያን ጊዜ ነበር ተስፋጽዮን፣ ለስድስት ዓመት ስብሰባ ላይ ወንበር ሲያቀርብ እንጂ ሲናገር ታይቶ የማያውቀው ፋይል ደርዳሪ፣ እጁን ያወጣው። እሱ የሚያውቀው ቦታ እንዳለ ተናገረ። በሳምንቱ አርባ ገጽ ሪፖርት አቀረበ። በሪፖርቱ ውስጥ የወንዳፍራሽ ሱቅ «በቡፈርድ ሀይዌይ አካባቢ የሚንቀሳቀስ ያልተፈቀደ የመረጃ ማከፋፈያ ጣቢያ» ሆነ። አባሪ ሁለት ላይ ደግሞ «ምርኩዝ የያዙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓላማቸው ያልታወቀ አንድ ቋሚ አድማጭ» ተመዝግበዋል። ተስፋጽዮን አድማጩ ማን እንደሆኑ አጥቶት አይደለም። የመንግሥት ሪፖርት ላይ «አባቴ» ብሎ መጻፍ ከሙያ ሥነ ምግባር ጋር ይጋጭበታል። ማንንም አይጎዳም ብሎም አሰበ፤ ወረቀት ነው። የሹመቱ ደብዳቤ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ሬዲዮው ከመዘጋቱ በፊት ሕዝብ መጠየቅ ነበረበትና ተጠየቀ። ውይይቱ የተደረገው ሕዝቡ ሥራ ላይ በሚውልበት በማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ከመጡት ዘጠኝ ሰዎች ስድስቱ ፖሊሶች ነበሩ። የአንዲት የሰፈር ጋዜጣ ጋዜጠኛ እጇን አወጣች።

«ሬዲዮው ከተዘጋ ሕዝቡ የሚደረገውን በምን ያውቃል?»

«እኛ እንነግረዋለን» አለ አዛዡ።

«መቼ?»

«ማወቅ ያለበት ጊዜ ሲደርስ።»

«ጊዜው መድረሱን ማን ይወስናል?»

«ኮሚቴ።»

«የኮሚቴው አባላት እነማን ናቸው?»

አዛዡ ወደ ተስፋጽዮን ዞረ። «ይኼን መናገር እንችላለን?»

«አንችልም» አለ ተስፋጽዮን በትሕትና። «አለመቻላችንን ግን በግልጽ እንናገራለን።»

ስድስቱ ፖሊሶች አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ወንዳፍራሽ ተነሳ። ሽርጡን አውልቆ ኮት ለብሶ ነበር። «እኔ ቢዝነስ ነው ያለኝ፤ ከፖሊስ ጋር ፕሮብሌም የለኝም» አለ በእንግሊዝኛው፣ ሲጨንቀው በአማርኛው እየደገፈ። «ሬዲዮ የምሰማው ሌባ ለማስመለጥ አይደለም። ቋንቋ የማይችል ሽማግሌ ስታገኙ እኔ ነኝ ሰምቼ የምመጣው። ነገ ኢንክሪፕት ስታደርጉት፣ የኛ ሰው እጃችሁ ላይ ሲወድቅ፣ ለኛ ማን ነው የሚነግረን?»

ተስፋጽዮን ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ሲል አሰፈረ፦ «አንድ ነዋሪ ስለ መምሪያው አገልግሎት ያላቸውን ከፍተኛ ጉጉት ገለጹ።»

ሲወጡ ወንዳፍራሽ ትከሻውን ያዘው። «ተስፍሽ፣ ያልኩትን ጻፍከው?»

«አሪፍ አድርጌ ነው የጻፍኩልህ» አለው፤ ደግሞም ከልቡ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ሬዲዮው ተዘጋ። የወንዳፍራሽ ስካነር ከዚያን ቀን ጀምሮ የምታሰማው የሚጠበስ ሽንኩርት ድምፅ ብቻ ሆነ። መምሪያው ግን በዚህ ብቻ አልቆመም፤ ግልጽነቱን አጠናከረው። በመጀመሪያ፣ ሕዝቡ በሬዲዮ ይሰማው የነበረውን ነገር በኢንተርኔት ፎርም ሞልቶ እንዲጠይቅ ተደረገ። ፎርሙን ያዘጋጀው ተስፋጽዮን ነው። አድልዎ እንዳይኖር የጠያቂውም የተፈላጊውም ስም ተሰውሮ ለኦፊሰሩ ቁጥሩ ብቻ ይደርሰዋል፤ ጥያቄውም ከአርባ ፊደል እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ረጅም ጥያቄ ጠያቂውን ያጋልጣልና። ሁለተኛ፣ ምስጢር እንዳይሾልክ የግልጽነት ክፍል ሠራተኛ ጠዋት ሲገባ ስልኩን በሣጥን ቆልፎ ያስቀምጣል። ሠራተኛው ተስፋጽዮን ብቻ ስለሆነ ሣጥኑም አንድ ነው። ሦስተኛ፣ በመተላለፊያው ላይ ያለው የእንግዳ ማቆያ ክፍል ትልቅ መስታወት ተገጠመለት። ከውስጥ ያለ ሰው ውጩን አጥርቶ ያያል፤ ከውጭ ያለው ግን የሚያየው ራሱን ብቻ ነው። አዛዡ ሪባን ሲቆርጥ «ይህ የግልጽነት መስኮት ነው» ብሏል። ተስፋጽዮን በዚያ ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ ከረባቱን ያስተካክልበታል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራበት ግን መልሱ ነበር። ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆነውን ይህን መልስ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል፦ «የጠየቁት ሰው በእጃችን ስለመኖሩም ሆነ ስላለመኖሩ ማረጋገጥም ማስተባበልም አንችልም። ማወቅ መብትዎ ነው። መልካም ቀን።» «መልካም ቀን» የምትለዋን የሕግ ክፍሉ ተቃውሟት ነበር፤ ቀኑ መልካም መሆኑን ካረጋገጥን ኃላፊነት ይመጣል በሚል። ተስፋጽዮን ተሟግቶ ከቦታዋ እንድትቆይ አደረገ።

በሱቁ በኩል አቶ ዘገየ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተዘጋችው ስካነር ፊት ለፊት ተቀምጠው ጠበቁ። ወንዳፍራሽ ሙዚቃ ከፈተላቸው፤ አልወደዱትም። ዜና ከፈተላቸው፤ «ይኼማ ለኛ ተብሎ የተዘጋጀ ነው» አሉት። በጥቅምት ወር በአንዱ ሐሙስ ጠዋት፣ ወንዳፍራሽ ደንበኛ ሲያስተናግድ፣ ምርኩዛቸውን አንስተው «እግሬን ላፍታታ» ብለው ወጡ። ከዚያ በፊት ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም፤ የሚሰማ ነገር እያለ የት ይሄዳሉ? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወንዳፍራሽ መንገዱን ቁልቁልም ሽቅብም ቢያይ የሉም። ለተስፋጽዮን ደወለ፤ ስልኩ ሣጥን ውስጥ ነው። ለኑሃሚን ደወለ። ኑሃሚን የተስፋጽዮን ሚስት ናት፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። አማቷ ስኳር እንዳለባቸውና የቀን መድኃኒታቸው ሱቅ ውስጥ እንደቀረ ስታስብ ፈረቃዋን ጥላ ወጣች። ፖሊስ ጋ ስትደውል «የሰው ጥያቄ በፎርም ብቻ ነው» አሏት።

ተስፋጽዮን በዚያን ቀን ስሜቱ ጥሩ ነበር። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት መጣ። «አዛውንት ጠፍተዋል። እናንተ ጋ አሉ?» ይላል። መልሱን ላከ። ወጥቶ ቡና ቀዳ፤ ሲመለስ መስታወቱ ፊት ቆሞ ከረባቱን አስተካከለ። ለምሳ ሲወጣም ቆመ፤ ጥርሱን አየ። ሰባት ሰዓት ላይ ቁጥር አሥራ አምስት መጣ። «እንግሊዝኛ አይችሉም። እባካችሁ።» ይህ ጥያቄ እንኳ አልነበረም፤ ቢሆንም መልሱን ላከ። እንደገና ቡና፣ እንደገና መስታወት።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ቁጥር አሥራ ስድስት መጣ። «በሕይወት አሉ ወይ?» ብቻ ይላል።

እዚህ ላይ ተስፋጽዮን ጣቱን ከኪቦርዱ አነሳ። ሰው ነውና ሆዱ ባባ። አንድ የጨነቀው ምስኪን የት ቦታ ተቀምጦ ይሆን ይኼን የሚጽፈው ብሎ አሰበ። ኮሪደሩን ተሻግሮ ሳጅኑን መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ራሱ ያወጣው መመሪያ፣ አንቀጽ አራት፣ ኦፊሰሩ የውስጥ ባልደረቦቹን እንዳይጠይቅ፣ እነሱም ጉዳይ እንዳያሳዩት ይከለክላል፤ የማያውቀውን ሊያሾልክ አይችልምና። ሕግ ነው። ያንኑ መልስ ላከ፤ ስላዘነ ግን «መልካም ቀን» ከሚለው ቀጥሎ ቃለ አጋኖ ጨመረበት። ልቡ ቀለል አለው፤ ወጥቶ ቡና ቀዳ፤ መስታወቱ ፊት ቆመ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሣጥኑን ከፍቶ ስልኩን ሲያወጣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተደውሎለት አገኘና ለሚስቱ ደወለ።

«የት ነህ አንተ!» አለች ኑሃሚን። «አባባ ጠፍተዋል! ከጠዋት ጀምሮ! ሆስፒታል የቀረኝ የለም፣ እስከ ስቶን ማውንቴን ድረስ ነዳሁ!»

ተስፋጽዮን ስልኩን ወደ ጆሮው ይበልጥ አስጠጋ። «ፖሊስ… ፖሊስ ጠየቅሽ?»

«ሦስት ጊዜ! ሦስት ጊዜ ፎርም ሞላሁ! 'በሕይወት አሉ ወይ' ብዬ ብጠይቅ 'መልካም ቀን' ብሎ መለሰልኝ! ያንተ ዲፓርትመንት አይደለም እንዴ? ማን ነው ይኼን የሚጽፈው?»

ተስፋጽዮን ግድግዳውን ተደገፈ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት።

«ሲስተሙ ነው» አለ።

አባቱ መንገድ ላይ ወድቀው ታዩት። ከአገር ያመጣቸው እሱ ነው፤ «አሜሪካ ፖሊስ አይፈራም፣ ይምጡ» ያላቸው እሱ ነው። መሮጥ ጀመረ፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አያውቅም ነበር። በዚያው ቅጽበት ወይዘሮ ሸዋነሽ መወልወያቸውን እየገፉ ከጥግ ብቅ አሉ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሕንጻውን የሚያጸዱ የአገር ልጅ ናቸው። ሬዲዮው ሲቆለፍ፣ ስልኩ ሲቆለፍ፣ መስታወቱ ሲገጠም፣ የሁሉም ክፍል ቁልፍ እሳቸው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ተስፍሽ፣ ዛሬ ደግሞ አንድ የኛ ሰው አስቀምጠዋል» አሉት። «ሽማግሌ ናቸው። ብስኩት ሰጥቼ በልተዋል። ልጅ አለዎት ወይ ብላቸው 'አንቺ ለማን ነው የምትሠሪው?' አሉኝ። ጆሮ ጠቢ መስያቸው!»

«የት?» አለ ተስፋጽዮን።

«እዚሁ ነዋ» ብለው በመወልወያው እንጨት መስታወቱን አመለከቱት።

በሩ ላይ የተረኛው ሳጅን አገደው። አቶ ዘገየን ከጠዋት ያመጣቸው አንድ ፖሊስ ነው፤ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ተቀምጠው አግኝቷቸው በአዲሱ ሬዲዮ «እንግሊዝኛ የማይናገሩ አዛውንት፣ ምርኩዝ የያዙ» ብሎ አስተላለፈ። መልእክቱ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ የሰሙት ግን እዚሁ ሕንጻ ውስጥ የተቀመጡት ብቻ ናቸው። ሳጅኑም ትጉህ ሰው ነበርና ምርኩዝ የሚለውን ሲሰማ አባሪ ሁለትን አወጣ።

«ይኼ የተፈለገ አድማጭ ነው» አለው ለተስፋጽዮን። «ያንተ ሪፖርት ላይ ነው ያለው። ጥሩ ሥራ ሠርተሃል።»

«አባቴ ናቸው!»

«ስማቸው ማን ነው?»

«ዘገየ።»

ሳጅኑ ባጁን አየ። «ዘገየማ አንተ ነህ።»

«የኔ የአባቴ ስም ነው፤ የሳቸው ደግሞ የራሳቸው ነው።»

«ፎርም ሙላ» አለ ሳጅኑ። «የግልጽነት ኦፊሰሩ በሦስት የሥራ ቀን ይመልስልሃል።»

«የግልጽነት ኦፊሰሩ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ሕጉን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ እንደገና ለምኖ ሳጅኑ በሩን ገርበብ አደረገለት። አቶ ዘገየ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ቁጭ ብለዋል። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ግን ደኅና ናቸው። ተስፋጽዮን እንባው መጣ።

«አባባ!»

አቶ ዘገየ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «አላውቀውም» አሉ በአማርኛ።

«ምን አሉ?» አለ ሳጅኑ።

ተስፋጽዮን ዋሽቶ ሊተረጉም ፈለገ፤ ግን በመምሪያው ውስጥ እውነቱን የመተርጎም ግዴታ ያለበት እሱ ብቻ ነበር። «አያውቁኝም» አለ።

«ይኸው!» አለ ሳጅኑ፤ በሩንም ሊዘጋ ያዘው።

ያዳናቸው ሕግም፣ አዛዡም፣ ኮሚቴውም አይደለም። ወይዘሮ ሸዋነሽ በባልዲያቸው በሩን ገፍተው ገቡ። «ወለል ላጥብ ነው» አሉ በእንግሊዝኛቸው። «ሁላችሁም አውት! ሁላችሁም!» ሳጅኑ በዚህ ሕንጻ ውስጥ ይግባኝ የማይባልበት ብቸኛው ትእዛዝ የጽዳት ፕሮግራም መሆኑን ያውቃል። በዚያ ላይ ሽማግሌው ስም ስላልሰጡ መዝገብ ላይ የሉም፤ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ወጣም አይባል። አንገቱን ደፍቶ በእጁ ወደ መውጫው አመለከታቸው።

መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ተስፋጽዮን በስልክ የጠራቸው ኑሃሚንና ወንዳፍራሽ እየሮጡ ደረሱ። ኑሃሚን አማቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ጭማቂ አጠጣቻቸው፤ መድኃኒታቸውን ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን ዞር ዞር ብለው ከማየት በቀር ቃል አይተነፍሱም። ኑሃሚን መሪ ጨበጠች፤ ከጎኗ እሳቸው፣ ከኋላ ተስፋጽዮንና ወንዳፍራሽ ገቡ። አራቱም በር ሲዘጋ ብቻ፣ የአቶ ዘገየ ፊት እንደ ልጅ ፊት በራ።

«አንዲት ቃል!» አሉ። «አንዲት ቃል ከአፌ አላወጡም! አድራሻህ ያለበትን ወረቀት ገና ፖሊሱ ከመኪናው ሲወርድ ዋጥኩት። 'ሰን? ሰን?' ይለኛል፤ ልጅ አለህ ወይ ማለቱ ነው፤ ይህቺን ታህል አውቃለሁ። ዝም! በስልክ አማርኛ የምትናገር አመጡልኝ፤ ስልክ እንደሚጠለፍ የማላውቅ መስሏቸው። ዝም! ኋላ ደግሞ ብስኩት ይዛ አንዷን ላኩብኝ። ብስኩቱን በላሁ፣ ቃል ግን አልሰጠሁም።»

«አባባ፣ እኔ እኮ…» አለ ተስፋጽዮን።

«ቆይ! የኔስ የኔ ነው፤ ያንተ ነው የገረመኝ።» ወደ ኋላ ዞረው እጁን ያዙት። «በመስታወቱ ሁሉ ይታየኛል። አራት ጊዜ መጣህ። አፍንጫህ አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዓይኔን ትክ ብለህ አየኸኝ፣ ከረባትህን አስተካከልክ፣ ፊትህ ሳይለወጥ ሄድክ! በመጀመሪያው ደነገጥኩ፤ በሁለተኛው ገባኝ። አላውቅህም ማለትህ ነው። እኔም በልቤ አላውቅህም አልኩህ።» የያዙትን እጅ ጨበጥ አደረጉ። «ያን ጊዜ የወንድሜን ስም የጠራው ሰው የልብህ ግማሽ እንኳ ቢኖረው፣ ዛሬ ወንድም ይኖረኝ ነበር።»

ተስፋጽዮን «አላየሁዎትም» ሊል አፉን ከፈተ። የአባቱ ዓይን እንባ ሞልቶ በኩራት ያየዋል። አፉን መልሶ ዘጋ። ወንዳፍራሽ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት መረጠ።

«ሥራህን ስትነግረኝ ደግሞ አላመንኩህም ነበር» አሉ አቶ ዘገየ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሕዝብ እንዲያውቅ ነው የምሠራው ስትለኝ። ለካ ሽፋን ነው። አሁን ገባኝ፤ ከእንግዲህ አልጠይቅህም።»

ኑሃሚን መኪናውን አላስነሳችም። ስልኳን ከፍታ ሦስቱን መልሶች አንድ በአንድ እያየች ነበር። «'መልካም ቀን'፣ በቃለ አጋኖ» አለች ቀስ ብላ። «ሲስተም አልከኝ። ሲስተም ቃለ አጋኖ አያደርግም።» በኋላ ማሳያው መስታወት ዓይኑን ፈልጋ ያዘችው። «ተስፋጽዮን፣ እኔ ግን እጠይቅሃለሁ። እዚያ ቤት ሥራህ በትክክል ምንድን ነው?»

በሠርግ፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ሳይጠየቅ ሲመልሰው የከረመው ጥያቄ ነበር። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ባጁን ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

አቶ ዘገየ የምራታቸውን ክንድ መታ መታ አደረጉ።

«ተይው ልጄ» አሉ። «መናገር አይፈቀድለትም።»